ዲስኩ ሲሞት መረጃው እንዴት ይተርፋል?

ምዕራፍ 6

የማይበላሽ ዲስክ እስከ ዛሬ አልተሠራም። ባንክ የደንበኞቹን ሒሳብ፣ ሆስፒታል የሕሙማኑን የሕክምና ታሪክ፣ ገቢዎች የግብር ከፋዩን መዝገብ የሚያኖሩት ዛሬ ወይም ነገ ሊቆም በሚችል ዕቃ ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ ከ10 ዓመት በፊት የላክነውን ኢሜይል ዛሬ ፈልገን እናገኘዋለን። ያን ኢሜይል መጀመሪያ የተቀበለው ዲስክ ከተጣለ ሳይቆይ አይቀርም። ደብዳቤው ግን አለ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደመወዛችን፣ የትምህርት ማስረጃችን፣ የቤታችን ካርታ፣ የልጆቻችን የልደት ምስክር ወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። "መረጃው በደህና ተቀምጧል" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ የሁላችንም ድርሻ ሆኗል። በዚህ ምዕራፍ የማሳየው አንድ ነገር ነው፦ ዕቃ ሲበላሽ መረጃን ማትረፍ የሰው ልጅ በሚገባ የተካነበት ጥበብ ሆኗል፤ ሰው ሲሳሳት ወይም ሆን ብሎ ሲያጠፋ ማትረፍ ግን ብዙ ተቋማት ገና ያልተማሩት፣ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

አንድ ቶን የሚመዝነው ዲስክ

የሃርድ ዲስክ ታሪክ የሚጀምረው በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ከተማ ነው። በሬይኖልድ ጆንሰን ይመራ የነበረው የአይቢኤም ቡድን የሠራው ራማክ የተባለ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ቀረበ። የመረጃ ማስቀመጫው 61 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያላቸው 50 ክብ ዝርግ ብረቶች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው የሚሽከረከሩበት ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ አንድ ቶን ይጠጋ ነበር። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ጥራት ያለው ፎቶ ያን ሁሉ ቦታ ሊሞላው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የማጥበብ ታሪክ ነው። መረጃ በዲስክ ላይ የሚጻፈው ጥቃቅን መግነጢሳዊ ነጥቦችን ወደ አንድ ወይም ወደ ሌላ አቅጣጫ በማዞር ነው። ነጥቦቹ ባነሱ ቁጥር ብዙ መረጃ ይገባል፤ ከልክ በላይ ካነሱ ግን የክፍሉ ሙቀት ብቻ አቅጣጫቸውን ሊያስቀይራቸው ይችላል። እንዳይዛነፉ ጠንካራ መግነጢሳዊ ባሕርይ ያለው ማዕድን ቢመረጥ ደግሞ መጻፊያው ራስ እሱን ለማዞር አቅም ያጣል። ሲጌት የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ይፋ ያደረገው 30 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ ይህን እንቆቅልሽ የፈታው በሌዘር ነው። ሌዘሩ የሚጻፍበትን ነጥብ ብቻ፣ ከዓይን ቅጽበት እጅግ ላነሰ ጊዜ፣ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያሞቀዋል። ነጥቡ በሙቀቱ ይላላል፣ ይጻፍበታል፣ ወዲያው ቀዝቅዞ ይጸናል።

ፍጥነቱ ግን እንደ መጠኑ አላደገም። በድርጅቶች ሰርቨር ውስጥ የተለመደው ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። ተፈላጊው ነጥብ ከማንበቢያው ራስ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ አለበት፤ ይህ 4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ክንዱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሄድ የሚፈጀው ጊዜ ሲጨመርበት፣ አንድ ዲስክ እዚህም እዚያም የተበተኑ ጥያቄዎችን በሰከንድ ከመቶ ብዙም ሳይዘል ይመልሳል። በሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞች በአንድ ሰከንድ ገንዘብ ለሚያስተላልፉበት ባንክ ይህ አይበቃም።

ለዚህ መልስ የሆነው ፍላሽ ነው። ፉጂዮ ማሱኦካ የተባለው ጃፓናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቶሺባ ኩባንያ ውስጥ የፈለሰፈው ይህ ዘዴ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ መረጃውን የሚይዘው ኤሌክትሮኖችን በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ በማገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ለፍላሽ ተብሎ የተዘጋጀው ኤንቪኤምኢ የተባለ የመገናኛ ደንብ ከወጣ ወዲህ፣ ኤስኤስዲ የሚባለው አንድ የፍላሽ ዲስክ በሰከንድ መቶ ሺዎች ጥያቄዎችን ማስተናገድ ችሏል። ስለዚህ ዛሬ ትልልቅ ተቋማት ሥራውን ያከፋፍላሉ። በየሰከንዱ የሚነካው መረጃ በፍላሽ፣ በብዛት የሚከማቸው በሃርድ ዲስክ፣ ለዓመታት ሳይነካ የሚቀመጠው ደግሞ በማግኔት ቴፕ ላይ ይውላል። አዎ፣ ቴፕ ዛሬም አለ፤ ለምን እንዳለ በኋላ እናያለን።

በቀን አራት ዲስክ

ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ የመረጃ ማስቀመጫ ኩባንያ በማዕከሎቹ ውስጥ ያሉት ዲስኮች ስንቶቹ እንደተበላሹ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በይፋ ያሳትማል። በእነዚህ ሪፖርቶች መሠረት በዓመት ከመቶ ዲስክ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ነው። አንድ ዲስክ ላለው ሰው ይህ ትንሽ ቁጥር ይመስላል። 100,000 ዲስክ ባለው ማዕከል ግን፣ ከመቶ 1.5 ብንወስድ፣ በዓመት 1,500 ዲስክ ይሞታል፤ በቀን 4 ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የዲስክ መሞት አደጋ አይባልም፤ ቡና ከመጠጣት በፊት የሚከናወን የዕለት ሥራ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ መረጃ የት ይገባል? የመጀመሪያው መፍትሔ ማንም የሚያስበው ነው፦ ማባዛት። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው የጥናት ጽሑፍ የፋይል ሥርዓቱን አሠራር ሲገልጽ፣ እያንዳንዱ የመረጃ ቁራጭ በተለያዩ ማሽኖች ላይ በሦስት ቅጂ እንደሚቀመጥ አስረድቷል። አንዱ ሲሞት ሥርዓቱ ራሱ ከቀሩት ሁለቱ ሦስተኛውን ይሠራል። አሠራሩ አስተማማኝ ነው፤ ወጪው ግን ከባድ ነው። 1 ቴራባይት ለማኖር 3 ቴራባይት መግዛት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መፍትሔ ሒሳብ ነው። ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ጽሑፍ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አጣምሮ ከአንድ ውድ ዲስክ የተሻለ ሥራ ማሠራት እንደሚቻል አሳዩ። ሬይድ የሚባለው ይህ ነው። ከስልቶቹ አንዱን በቀላል ቁጥር እንየው። በሦስት ዲስኮች ላይ 7፣ 4 እና 9 ተጽፈዋል እንበል። በአራተኛው ዲስክ ላይ ድምራቸውን፣ 20ን፣ እንጽፋለን። ሁለተኛው ዲስክ ቢሞት ከ20 ላይ 7ና 9ን ስንቀንስ 4 ይመለስልናል። ኮምፒውተር የሚጠቀመው የመደመር ዓይነት ትንሽ ይለያል፤ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው። ሦስት ዲስክ መረጃ ለመጠበቅ አንድ ተጨማሪ ዲስክ በቃ።

ሁለት ዲስክ አንድ ላይ ቢሞትስ? አንድ ድምር ብቻውን ሁለት የጠፉ ቁጥሮችን አይመልስም። ለዚህ የሚያገለግለው ሒሳብ ግን ከሬይድም በፊት ተዘጋጅቶ ነበር። አርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሶሎሞን በአሜሪካው ሊንከን ላቦራቶሪ ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ ነው። የሐሳቡን ሥር በትምህርት ቤት ያየነው ጂኦሜትሪ ይገልጠዋል፦ በሁለት ነጥቦች ላይ የሚያልፈው ቀጥታ መስመር አንድ ብቻ ነው። መረጃችን መስመሩ ቢሆንና በላዩ አራት ነጥቦችን መርጠን በአራት ዲስኮች ላይ ብናስቀምጥ፣ የትኞቹም ሁለቱ ቢጠፉ የቀሩት ሁለቱ መስመሩን እንደገና ያስሰምሩናል። ሪድና ሶሎሞን ከቀጥታ መስመር ይልቅ ጠመዝማዛ መስመሮችን በመጠቀም ይህን ለፈለጉት ያህል ነጥብ አሰፉት።

ፌስቡክ አሮጌ ፎቶዎችንና ቪዲዮዎችን ለማስቀመጥ የተጠቀመበት ቀመር 10 የመረጃ ቁራጭ ላይ 4 ተጨማሪ ቁራጭ ይጨምራል። ከ14ቱ የትኞቹም አራቱ ቢጠፉ መረጃው ይመለሳል፤ የሚፈጀው ቦታ ደግሞ የመረጃው 1.4 እጥፍ ብቻ ነው። ሦስት ቅጂ ግን በ3 እጥፍ ቦታ የሚችለው የሁለት ቅጂዎችን መጥፋት ብቻ ነው። ባነሰ ወጪ የበለጠ ደኅንነት የተገኘው ዕቃው ስለተሻሻለ አይደለም። መረጃው የሚቀመጥበት ሥርዓት ስለተሻሻለ ነው።

ዲስክ ሳይገዙ ማከማቸት

እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2006 አማዞን ኤስ 3 የተባለ አገልግሎት ከፈተ። ዋጋው ለአንድ ጊጋባይት በወር 15 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። እዚህ ላይ የተሸጠው ዲስክ አልነበረም። ደንበኛው ፋይሉን ስም ሰጥቶ ያስረክባል፤ በዚያው ስም ሲጠራው ይመለስለታል። በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ክላውድ የምንለው የመረጃ ማከማቻ መሠረቱ ይህ ነው።

አማዞን ለዚህ አገልግሎት የሚገልጸው የደኅንነት ደረጃ በ11 ዘጠኞች የተደረደረ ነው፦ በዓመት 99.999999999 በመቶ። ኩባንያው ራሱ ሲተረጉመው፣ 10 ሚሊዮን ፋይል ያስቀመጠ ደንበኛ በአማካይ አንድ ፋይል እንዲጠፋበት 10,000 ዓመት መጠበቅ አለበት። ይህ ሊሆን የሚችለው ቁራጮቹ እርስ በርስ በሚራራቁ፣ የኤሌክትሪክ መስመራቸው በተለያየ ሕንፃዎች ውስጥ ስለሚቀመጡና የጎደለው ሳይውል ሳያድር ስለሚተካ ነው።

ዋጋውም እያደር ወረደ፤ የአገልግሎቱ ዓይነትም በዛ። ዛሬ መደበኛው ኤስ 3 በአሜሪካ ለአንድ ጊጋባይት በወር ከ2 ሳንቲም ትንሽ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣው የጥልቅ ማኅደር አገልግሎት ደግሞ ለአንድ ቴራባይት በወር አንድ ዶላር ገደማ ያስከፍላል። ልዩነቱ በጊዜ ይከፈላል፦ ከጥልቅ ማኅደር ፋይል የጠየቀ ሰው እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ 48 ሰዓት ይጠብቃል። ለ10 ዓመት እንዲቀመጥ ሕግ ለሚያስገድደው የሒሳብ ሰነድ ይህ ጥሩ ውል ነው። ነገ ጠዋት ሥራ ማስጀመር ላለበት የሆስፒታል ሥርዓት ግን ጥፋት ይሆናል። ርካሹን ከመምረጥ በፊት መጠየቅ ያለበት "በስንት ሰዓት ይመለሳል?" ነው።

ሁሉም በአንድ ቀን ሲሞት

እስካሁን የተናገርነው ሒሳብ ሁሉ የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፦ ዲስኮች የሚሞቱት በየተራ ነው። እድር የሚሠራውም በዚሁ ግምት ነው። የአንዱ ቤት ሐዘን የሌሎቹ መዋጮ ይሸፍነዋል፣ ሐዘን በየተራ ስለሚመጣ። ወረርሽኝ ገብቶ በአንድ ሳምንት የሁሉንም ቤት ቢያንኳኳ ግን የእድሩ ገንዘብም፣ ድንኳኑም፣ ቀባሪውም አይበቃም። የመረጃ ማዕከሎችን ያስለቀሱት ክስተቶች ሁሉ የወረርሽኝ ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው እሳት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ሌሊት በፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች የተባለው የክላውድ ኩባንያ ባለ አምስት ፎቅ የመረጃ ማዕከል ተቃጠለ። ቅጂያቸው በሌላ ከተማ የነበረ ደንበኞች ሥራቸውን ቀጠሉ። ባክአፓቸው በዚያው ግቢ የነበረ ግን ዋናውንም መጠባበቂያውንም በአንድ ሌሊት አጡ። ክላውድ ውስጥ ያለ መረጃ የሚኖረው አድራሻ ባለው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ሕንፃ ደግሞ ይቃጠላል።

ሁለተኛው የሶፍትዌር ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 መጨረሻ አንዳንድ የጂሜይል ተጠቃሚዎች የመልእክት ሳጥናቸው ባዶ ሆኖ አገኙት። በጉግል መግለጫ ከተጠቃሚዎች 0.02 በመቶ ያህሉ ናቸው። መልእክቶቹ በብዙ ቅጂ ተቀምጠው ነበር፤ ስህተት ያለበት አዲስ ሶፍትዌር ግን ቅጂዎቹንም ነካቸው። ያተረፋቸው ቴፕ ነው። ቴፑ ከኔትወርኩ ተለያይቶ ስለነበረ ስህተቱ ሊደርስበት አልቻለም። ቴፕ እስከ ዛሬ ከትልልቅ ማዕከሎች ያልወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኤልቲኦ-9 የተባለው ትውልድ በአንድ ካሴት 18 ቴራባይት ይይዛል፣ በመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ማንም ከሩቅ ሆኖ አያጠፋውም።

ሦስተኛው ጥቃት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ሶፍትዌር በዩክሬን ከሚሠራበት የሒሳብ ፕሮግራም ተነሥቶ ወደ ዓለም ተዛመተ። የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ ከተመቱት አንዱ ነበር። ኩባንያው እያንዳንዱን ተጠቃሚ የሚለዩና ፈቃድ የሚሰጡ 150 ያህል ሰርቨሮች ነበሩት። በተለያዩ አገሮች ያሉት እነዚህ ሰርቨሮች እርስ በርስ ስለሚገለባበጡ አንዱ ቢጠፋ ከሌላው መመለስ ይቻላል ተብሎ ይታመን ነበር። በአንድ ቀን ሁሉም ጠፉ፤ ከአንዱ በስተቀር። ጋዜጠኛው አንዲ ግሪንበርግ እንደዘገበው፣ የተረፈው በጋና ቢሮ የነበረው ሲሆን፣ ጥቃቱ በደረሰበት ሰዓት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከኔትወርኩ ውጭ ነበር። መረጃውን በኔትወርክ መላክ ብዙ ቀን ስለሚፈጅ፣ ዲስኩ በሰው እጅ በናይጄሪያ በኩል ወደ ብሪታንያ ተወሰደ። ሜርስክ በ10 ቀን 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደገና ጫነ። ለዚያ ሥራ መነሻ የሆነው በመብራት መጥፋት የተረፈ አንድ ዲስክ ነው። ሌላው ተቋም እንዲህ ያለ ዕድል መጠበቅ የለበትም፤ ከኔትወርክ የተለየ ቅጂ አስቦና አቅዶ ማኖር ይገባዋል።

አራተኛው የደከመ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት የጊትላብ ኩባንያ መሐንዲስ የሁለተኛውን ዳታቤዝ ማውጫ ያጸዳ መስሎት የዋናውን አጠፋ። 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው መረጃ ሲያስቆመው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ቀርቶ ነበር። ኩባንያው በርካታ የባክአፕ ዘዴዎች ነበሩት። በየቀኑ መሠራት የነበረበት ቅጂ በሶፍትዌር እትም አለመጣጣም ምክንያት ሳይሠራ ቆይቶ ነበር፤ "አልተሳካም" የሚሉት የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎችም ለሠራተኞቹ አልደረሱም። ያዳናቸው መሐንዲሱ ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ ያነሳው ቅጂ ነው። የ6 ሰዓት ሥራ ጠፋ። ጊትላብ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለሕዝብ ጽፏል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል፣ ብዙዎች ተምረውበታልና።

ከእሳቱ በኋላ ያየናቸውን ሦስት ክስተቶች የሚያስተሳስራቸው አንድ ነገር አለ። ቅጂን በቅጽበት የሚያባዛ ሥርዓት ትዕዛዝን ሁሉ ይፈጽማል። "ጻፍ" ሲባል በሦስቱም ቦታ ይጽፋል፤ "አጥፋ" ሲባል በሦስቱም ቦታ ያጠፋል። ትዕዛዙን የሰጠው ባለቤቱ ይሁን፣ የተሳሳተ ሠራተኛ ይሁን፣ ወይም ቤዛ የሚጠይቅ ወንበዴ፣ አይለይም። ስለዚህ አንድ ተቋም ብዙ ቅጂ ስላለው ብቻ ባክአፕ አለኝ ሊል አይችልም። ባክአፕ የሚባለው ዛሬ የተሰጠ ትዕዛዝ የማይደርስበት የትናንት ቅጂ ነው።

መግቢያውና መውጫው

ክላውድ ውስጥ መረጃ ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው፤ ማስወጣት ግን ይከፈልበታል። ከአሜሪካ ማዕከሎቹ ወደ ኢንተርኔት ለሚወጣ መረጃ አማዞን ያስቀመጠው መደበኛ ዋጋ ለአንድ ጊጋባይት 9 ሳንቲም ገደማ ነው። 100 ቴራባይት አንድ ጊዜ ማስወጣት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ብዙ ድርጅቶች ይህን ያወቁት አገልግሎት ሰጪ ለመቀየር ሲነሡ ነው። ድሮፕቦክስ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳስታወቀው ከደንበኞቹ መረጃ 90 በመቶ የሚሆነውን ከአማዞን አውጥቶ ራሱ ወደሠራው ሥርዓት አዛውሯል፤ በኋላም በሁለት ዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዳተረፈ ገልጿል። እንዲህ ማድረግ የሚችለው ግን በጣም ትልቅ የሆነ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ጉግል፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት ጠቅልሎ ለሚወጣ ደንበኛ የመውጫ ክፍያውን አንሥተዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ይህን ዓይነት ክፍያ ደረጃ በደረጃ እያስቀረ ነው።

ከክፍያው ሌላ መንገዱም አለ። አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ከአማዞን ቅርብ ማዕከሎች መካከል በባሕሬንና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ያሉት ይገኙበታል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 100 ቴራባይት መረጃ ያለው ተቋም ያለማቋረጥ በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ሁሉንም መልሶ ለማውረድ 93 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። መረጃው አልጠፋም፤ ተቋሙ ግን ሦስት ወር ተዘግቷል። ለዚህ ነው ለእኛ አገር ድርጅት ከክላውድና ከአገር ውስጥ ማስቀመጫ አንዱን ብቻ መምረጥ የማይበቃው። ለዕለት ሥራ ቶሎ የሚመለስ ቅጂ አገር ውስጥ፣ ለእሳትና ለጎርፍ የሚሆን ቅጂ በሩቅ፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ከባለሙያው በፊት የአለቃው ውሳኔ

ባለሙያዎች ለዓመታት ሲመክሩት የኖሩት ደንብ አጭር ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ። ዛሬ ሁለት ነገር ይጨመርበታል። አንደኛው፣ ቢያንስ አንድ ቅጂ የማይለወጥ ይሁን። ይህ ከመስመር ውጭ የተቀመጠ ቴፕ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አማዞን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስጀመረው ዓይነት ቁልፍ፣ የተወሰነለት ቀን እስኪያልፍ ጥብቅ በሆነው አሠራሩ ባለቤቱም እንኳ ሊያጠፋው የማይችል ፋይል። ቤዛ ጠያቂዎች መጀመሪያ የሚፈልጉት ባክአፑን ስለሆነ ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛው፣ ባክአፑ በየጊዜው በእርግጥ ተመልሶ ይታይ። የጊትላብ ታሪክ እንዳሳየን፣ ባክአፕ ይሠራል የሚል ሪፖርትና ተመልሶ የተከፈተ ዳታቤዝ አንድ አይደሉም።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ባለሙያው ነው፤ ከእሱ በፊት ግን ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ያለበት የተቋሙ መሪ ነው። የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋ እንችለዋለን? ስንት ሰዓትስ ብንዘጋ እንችለዋለን? የባንክ መልስ በሰከንዶች ይቆጠራል፣ የቤተ መጻሕፍት መልስ በቀናት ሊሆን ይችላል። ምን ዓይነት ዲስክ፣ የት ያለ ክላውድ፣ ስንት ብር የሚለው ሁሉ የሚወሰነው በእነዚህ መልሶች ነው። መልሱ ሳይጻፍ የተገዛ ማሽን ምንም ያህል ውድ ቢሆን የሰውን መረጃ አደራ ለመቀበል አይበቃም። መሪው ሁለቱን ቁጥሮች ጽፎ ይፈርምባቸው፤ ባለሙያው በዚያ ልክ ይሥራ፤ በየሩብ ዓመቱም መረጃው ከባክአፕ ተመልሶ፣ የፈጀው ሰዓት ከተፈረመው ቁጥር ጋር ይነጻጸር።